መቶ ግመል ማን ይነዳል?

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ፣ ከፈርስት አቬኑ ገባ ብሎ ባለ መንገድ ላይ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የሞቃዲሾ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን ሒና ይቀባሉ፤ አማርኛም ያውቃሉ። አማርኛቸው ግን እንደ ሌላው እንግዳ ሰው አማርኛ በ«እንደምን አደርክ» የሚጀምር አልነበረም። «ተነሥ»፣ «ተሰለፍ»፣ «ቁጠር» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነበር። ሻይ ሲጋብዙኝ እንኳ «ተቀመጥ! ጠጣ!» ብለው ነው። የሶማሊያ ጦር በ1977 ወደ ኦጋዴን ሲገባ አብረው ገብተው፣ ተማርከው፣ አሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ታስረው ኖረዋል። ቋንቋችንን የተማሩት ከጠባቂዎቻቸው አፍ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚህ አገር ለቆየ ሰው ሁለት መቁጠሪያ ይዞ መኖር ይሰለቻል።)

እኔ «አደር» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም መልሰው «አደር» ይሉኛል። በሶማሌ ደንብ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ቃል ይጠራራሉ፤ ታላቁ ታናሹን በራሱ መጠሪያ ይጠራዋል። ይህን ደንብ መጀመሪያ ስሰማው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ እርሳቸው በሕይወት የሉም። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በጁን 2008 የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ያን ጊዜ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘሁለትም።

ከጥያቄው በፊት ግን እርሳቸውን ስላስፈታቸው ውል ልናገር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ሲያድ ባሬ በኤፕሪል 1988 ተስማሙ። ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ አንዱ የሌላውን አማፅያን መርዳት ሊተው፣ እስረኞችንም ሊለዋወጡ ቃል ተገባቡ። የተስማሙት ስለ ተዋደዱ አልነበረም፤ ሁለቱም በየቤታቸው እሳት ስለ ነደደባቸው ነው። መንግሥቱ ወር ሳይሞላ አፋቤት ላይ ከባድ ሽንፈት ደርሶበት ነበር፤ ጦሩን ወደ ሰሜን ማዞር ነበረበት። በውሉ ላይ ያልተቀመጠ ሦስተኛ ወገን ግን ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፍሮ ሲያድ ባሬን ይወጋ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ። መጠጊያውን ሊያጣ መሆኑን ሲያውቅ በሜይ መጨረሻ ድንበር ተሻግሮ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። አደር በኦገስት ተፈትተው አገራቸው ሲገቡ የተቀበላቸው ይህ ነበር። «እኔን የፈታኝ ሰላም ሐርጌሳን አቃጠላት» ይሉ ነበር፤ ይህንንም የሚሉት ያለ ምሬት ነው፤ የጨርቅ ዋጋ የሚናገሩ ይመስላሉ።

በሁለት መንግሥታት መካከል የነበረው ጦርነት በወረቀት አለቀ፤ በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ሰው ግን ሌላ ጦርነት ይዞ መጣ። ይህ ነገር ከዚያ በኋላም እየተደጋገመ ስላየሁት ነው ከዚህ የጀመርሁት።

ሲያድ ባሬ በጃንዋሪ 1991 ከሞቃዲሾ ከወጣ በኋላ ለሶማሊያ የተጠራው የዕርቅ ጉባኤ ብዙ ነው፤ በኢስሊ ሻይ ቤቶች ሲቆጠር አሥራ አራት ይደርስ ነበር። በ1991 ጂቡቲ ላይ ዓሊ ማኅዲ ሞሐመድን ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሲያደርጉት ጄኔራል አይዲድ አልቀበልም አለ፤ ሞቃዲሾም ለሁለት ተከፈለች። በማርች 1993 አዲስ አበባ ላይ አሥራ አምስት አንጃዎች ፈረሙ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 5 ቀን፣ ሃያ አራት የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ሞቃዲሾ ውስጥ ተገደሉ። ከ1996 ወደ 1997 ስንሻገር ሶደሬ ላይ ሃያ ስድስት አንጃዎች ተሰበሰቡ፤ የአይዲድ ልጅ ሁሴን አልመጣም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካይሮ ላይ ሌላ ጉባኤ ተጠራ፤ ሁሴን መጣ፤ አብዱላሂ ዩሱፍ ግን ጥሎ ወጣ። በ2000 ጂቡቲ፣ አርታ ላይ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ምሁራን ተሰበሰቡ፤ ጠመንጃ የያዙት ቅር ተሰኝተው በሚቀጥለው ዓመት አዋሳ ላይ የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ። አንዱ ጉባኤ አዲስ አበባን ደስ ሲያሰኝ ካይሮን ያስከፋል፤ ሌላው ጂቡቲን ሲያስደስት አዲስ አበባን ያስቀይማል። ጎረቤት ሁሉ አስታራቂ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ የሚደግፈው ወገን አለው።

የመጨረሻውን በዓይናችን አየነው። በኦክቶበር 2002 ኤልዶሬት ላይ ተጀምሮ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ምባጋቲ ተዛወረና ሁለት ዓመት ፈጀ። ልዑካኑ ኢስሊ እየመጡ ለሱፍ የሚሆን ጨርቅ ይገዙ ነበር። አደር የፖለቲካውን አካሄድ የሚያውቁት በገበያው ነበር፤ ልዑካኑ ግራጫ ሱፍ በብዛት ሲፈልጉ «የሚኒስትርነት ክፍያ ሊጀመር ነው» ይሉኛል። በኦክቶበር 2004 ሁለት መቶ ሰባ አምስት የምክር ቤት አባላት ካሳራኒ ስታዲየም ተሰብስበው አብዱላሂ ዩሱፍን ፕሬዚዳንት አደረጉ። መንግሥቱ በባዕድ አገር ተወለደ፤ በባዕድ አገርም ቃለ መሐላ ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት በጁን 2006 ሞቃዲሾን ያዘ፤ የሽግግሩ መንግሥት ባይደዋ ላይ ተከበበ፤ በዲሴምበር የኢትዮጵያ ጦር ገብቶ በቀናት ውስጥ ሞቃዲሾ ደረሰ። የመግባቱን ምክንያት እዚህ አልከራከርም። ጂሃድ ያወጁ፣ ከአስመራ መሣሪያ የሚመጣላቸው ሰዎች ድንበር ላይ ነበሩ የሚለውም እውነት ነው፤ ለስድስት ወር በሞቃዲሾ መንገድ ላይ ሰው ያለ ፍርሃት ይሄድ ነበር የሚለውም እውነት ነው። የእኔ ጉዳይ መውጫው ላይ ነው።

በማርችና በኤፕሪል 2007 ሞቃዲሾ ውስጥ ከባድ ውጊያ ሆነ። ታጣቂዎቹ ከመንደር ውስጥ ሞርታር ይተኩሳሉ፤ መልሱ በመድፍና በቢ.ኤም. ሮኬት ወደ መንደሩ ይመጣል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከተማውን ለቅቆ ወጣ። የአደር እኅት ቤት ሁሪዋ ነበር። ልጇ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት፣ በረንዳ ላይ እንደ ቆመ ሞተ። የወደቀው ነገር ከየት እንደ መጣ በእርግጥ የሚናገር ሰው አልተገኘም። አደር ወሬውን በስልክ ሰሙ፤ ሱቃቸውን ሦስት ቀን ዘጉ፤ ሰው እየመጣ አብሯቸው ተቀመጠ።

እኔ አልሄድሁም።

ምክንያት አላጣሁም። በማርች በሞቃዲሾ መንገድ ላይ የወታደሮች ሬሳ ሲጎተትና ሲቃጠል የሚያሳይ ሥዕል አይቼ ነበር፤ ከሟቾቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩበት ተብሏል። ያን ያየሁ ዕለት አንድ ነገር ውስጤ ደነደነ። ከዚያም በላይ ፍርሃት ነበረኝ፤ ሐበሻ በዚያ ሰሞን በኢስሊ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። ለቅሶ ቤት ገብቼ በምን ቋንቋ «እግዜር ያጽናችሁ» እላለሁ? ስለዚህ ለሦስት ሳምንት በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በሌላ ዞሬ ሄድሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳላስበው ፊት ለፊት ተገናኘን። «ጠፋህ!» አሉኝ። «ተቀመጥ! ጠጣ!» ተቀመጥሁ፤ ጠጣሁም። ስለ ልጁ እኔ አላነሣሁም፤ እርሳቸውም አላነሡም። ጓደኝነታችን እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ነገር ግን ሁለታችንም አንድ ቦታ ስንደርስ ወሬ እንቀይር ነበር።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የሽግግሩ መንግሥት ሞቃዲሾ ውስጥ ብሔራዊ የዕርቅ ጉባኤ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ያው በ1991 ጂቡቲ ላይ ፕሬዚዳንት የተባለው ዓሊ ማኅዲ ነበር። በመክፈቻው ዕለት ሞርታር ወደ አዳራሹ አቅራቢያ ተተኮሰ። ከጎሣ ወገን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ የሚዋጉት ግን አልመጡም፤ የኢትዮጵያ ጦር ባለበት አንታረቅም ብለው ነበር። እነርሱም በሴፕቴምበር አስመራ ላይ የራሳቸውን ጥምረት አቋቋሙ። ኢትዮጵያና ኤርትራ በሰው ግቢ ይፈላለጉ እንደ ነበር ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ከዚያ የጂቡቲው ድርድር መጣ። የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ አሕመዱ ወልድ አብደላ መንግሥቱንና የአስመራውን ጥምረት ክፋይ አገናኝቶ በጁን 2008 ውል አስጀመራቸው። ዜናው የተሰማ ማታ አደር ራዲዮናቸውን አስጠግተው የቢቢሲን ሶማልኛ ይሰሙ ነበር። ሲጨርሱ ነገሩን ተረጎሙልኝና፤

«አደር፣ ይህ ወረቀት ላይ ኢትዮጵያ የት ነው የተቀመጠችው?» አሉኝ።

በኋላ ጽሑፉን ፈልጌ አነበብሁት። ፈራሚዎቹ ሶማሌዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ የምትገኘው በአንድ ጠማማ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በቂ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ከገባ በኋላ ልትወጣ ኢትዮጵያ ራሷ አስቀድማ የወሰነችውን ውሳኔ ተከትሎ የሽግግሩ መንግሥት በመቶ ሃያ ቀን ውስጥ እንደሚፈጽም ይናገራል። ዐረፍተ ነገሩ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። ማንም ማንንም እንዳስወጣ እንዳይባል፣ ማንም ተሸንፎ እንደ ወጣ እንዳይመስል ተደርጎ የተጻፈ ነው። ዲፕሎማቶች ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ እንዲህ ባይጻፍ ኖሮ ማንም አይፈርምም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ግን አልመጣም፤ የነበሩት የዩጋንዳና የቡሩንዲ የአፍሪካ ኅብረት ወታደሮች ብቻ ናቸው።

ያን ማታ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም ነበር። ስለ አያቴ ነገርኋቸው። አያቴ ተጉለት ውስጥ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሸንጎ ከመቀመጣቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ «ማን ገደለ? ማን ሞተበት?» ሁለቱ በአካል ካልቀረቡ አይጀምሩም። ገዳዩ ሸሽቶ እንደሆነ አባቱ ወይም ወንድሙ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። «ወኪል ነኝ» የሚል ሰው ቢመጣ «በወኪል የሚታረቅ ደም አላውቅም» ብለው ይመልሱታል። የሟች እናት ከሸንጎው ርቃ ትቀመጣለች፤ አትናገርም፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የካሣውን ነገር ከመቁረጣቸው በፊት አንዱ ተነሥቶ ወደ እርሷ ሄዶ ይመለሳል። ምን እንደተባባሉ ማንም አይጠይቅም። ልጅ ሆኜ ያየሁት ሽምግልና ሁሉ በዚህ መንገድ የተቃና ነበር አልልም፤ ካሣ ተቀብሎ በዓመቱ የገደለም አውቃለሁ። ቢሆንም ጠቡ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተጀመረ ዕርቅ አላየሁም።

አደር በጥሞና ሰሙኝ። የእኛም እንዲሁ ነው አሉ። በሶማሌ ሕግ፣ በሔር፣ ለሞተ ወንድ መቶ ግመል መግ ይከፈላል፤ ግመሉን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ በስምምነት የታሰረው ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። ለዚህም ነው ሰው ዘመዱን ከጠብ የሚገታው፤ ነገ ግመል የሚነዳው እርሱ ነውና። ከዚህ በኋላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ያን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«መንግሥት የገደለው ሲሆን መቶ ግመል ማን ይነዳል?»

ዝም አልሁ።

ሰዎች ስለ ሶማሊያ ዕርቅ ሲጽፉ ስለ ጎሣ ይጽፋሉ፤ አራት ተኩል ስለተባለው የሥልጣን ክፍፍል ይጽፋሉ፤ ስለ ጦር አበጋዞች ስግብግብነት ይጽፋሉ። ሁሉም አለበት። ነገር ግን የውጭ ጦር የገባበትን ጠብ ከሌላው ጠብ የሚለየው ይህ የአደር ጥያቄ ይመስለኛል። የውጭው ጦር የጠቡ ዋና ባለቤት ሆኖ ሳለ በምንጣፉ ላይ ቦታ የለውም፤ «ተጋብዤ የመጣሁ ነኝ» ይላል። ጋባዡ ደግሞ ያለ እርሱ አንድ ቀን ስለማያድር ተደራዳሪው «ከአንተ ጋር ምን አነጋገረኝ፣ ጌታህን አምጣ» ይለዋል። ጌታው ካልወጣ የሚፈርመው ሁሉ ባንዳ ይባላል። ጌታው ከወጣ የፈረመውን የሚጠብቀው የለም። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ማምለጥ አይቻልም።

የሆነውም ይኸው ነው። ውሉ ሁለቱን ወገን ሊያስታርቅ ተጽፎ አራት አደረጋቸው። ጥምረቱ የጂቡቲ ክንፍና የአስመራ ክንፍ ሆነ፤ ሼኽ ሸሪፍ አሕመድ ፈረመ፤ ሼኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ «ይህ ክህደት ነው» አለ። በመንግሥቱ በኩል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኑር ሐሰን ሁሴን ውሉን ሲገፋ ፕሬዚዳንቱ አብዱላሂ ዩሱፍ አልወደደውም፤ ሊሽረው ሞከረ፤ ምክር ቤቱ እንቢ አለው፤ በዲሴምበር 2008 መጨረሻ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከሁሉም ውጭ የነበረው አል-ሸባብ ነው። ድርድሩ በተጀመረበት በዚያው ሜይ ወር መጀመሪያ አሜሪካ የአል-ሸባብን አዛዥ አደን ሀሺ ዓይሮን ዱሳማሬብ ላይ በሚሳይል ገድላ ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላም ድርጅቱን በአሸባሪነት መዝግባለች። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ምንጣፉ ሊጠራው የሚችል አልነበረም፤ ቢጠራም የሚመጣ አይመስለኝም። ሁሉም ጠብ በዕርቅ ያልቃል ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም።

የኢትዮጵያ ጦር በጃንዋሪ 2009 ወጣ። የመጨረሻው ወታደር ከባይደዋ እንደ ወጣ አል-ሸባብ ገባ፤ የምክር ቤቱ መቀመጫ የነበረችው ከተማ ምክር ቤቱ ጂቡቲ ላይ ስብሰባ ላይ እያለ ተያዘች። ምክር ቤቱ ወደ አምስት መቶ ሃምሳ ሰፍቶ በጃንዋሪ 31 ሼኽ ሸሪፍን ፕሬዚዳንት አደረገ። ከሁለት ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ጦር ያባረረው ሰው በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ ተገኘ። ያን በቴሌቪዥን ሳይ ልቤ ተነክቶ ነበር፤ አለቀ፣ ታረቅን አልሁ። በሜይ ሞቃዲሾ እንደገና ነደደች። በጁን የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ጎረቤቶች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ጦር እንዲልኩለት ለመነ። የውጭ ጦር ይውጣ ተብሎ የተጻፈው ውል የወለደው መንግሥት ዓመት ሳይሞላው የውጭ ጦር ይግባልኝ አለ። በዲሴምበር 3 ደግሞ ሻሞ ሆቴል ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ሊመረቁ በተሰበሰቡበት አጥፍቶ ጠፊ ገባባቸው።

በሌላ አገር ያለውን ብናይ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። አሜሪካ በፌብሩዋሪ 2020 ዶሃ ላይ ከታሊባን ጋር ስትፈራረም የካቡል መንግሥት በፊርማው ላይ አልነበረም። ጂቡቲ ላይ ባለ ቤቶቹ ፈርመው እንግዳው ቀረ፤ ዶሃ ላይ እንግዳው ፈርሞ ባለ ቤቱ ቀረ። የካቡል መንግሥት በኦገስት 2021 ወደቀ። የሞቃዲሾው ግን አልወደቀም፤ የዩጋንዳና የቡሩንዲ ወታደሮች በብዙ ሞት ይዘውት ቆዩ፤ አል-ሸባብም በኦገስት 2011 ከዋና ከተማው ወጣ። ልዩነቱን ያመጣው የውሉ ጥራት አይመስለኝም። ሌላ የውጭ ጦር ስለ ነበረ ነው። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም።

ቦረማን የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔም እጠቅሳለሁ። በ1993 አዲስ አበባ ላይ አንጃዎቹ ሲፈራረሙ በሰሜን፣ በቦረማ ከተማ፣ መቶ ሃምሳ ድምፅ ያላቸው ሽማግሌዎች ለአራት ወር ያህል ተቀምጠው ነበር። ወጪው በአብዛኛው ከራሱ ሕዝብ ነበር። በሜይ መሐመድ ኢብራሂም ኤጋልን መርጠው ተነሡ። ያም ቢሆን በዓመቱ ሌላ ውጊያ አላስቀረም፤ በ2023ም ላስዓኖድ ላይ የሆነው የቦረማው ምንጣፍ ለሁሉም እንዳልበቃ ያሳያል። ደግሞም ቦረማ የታረቁት ሶማሌና ሶማሌ ናቸው። ባዕድ ጦር ያለበትን ደም ቦረማ አልሞከረውም።

አንድ ሌላ ሰው ላንሣ፤ ሙክታር ሮቦው። የአል-ሸባብ ቃል አቀባይና ምክትል መሪ ነበረ፤ በኦገስት 2017 እጁን ለመንግሥት ሰጠ። ሁሉም «ዕርቅ እንዲህ ነው» አለ። በዲሴምበር 2018 ባይደዋ ላይ ለክልል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተያዘ፤ ደጋፊዎቹ ወጥተው ሰዎች ሞቱ። በኦገስት 2022 ደግሞ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ተደረገ። እንደርሱ እጁን ሊሰጥ የሚያስብ ታጣቂ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ የትኛውን ዓመት ይመን? የ2017ን ነው፣ የ2018ን ነው፣ ወይስ የ2022ን? ጦርነቱ ይህን ስጽፍም አላለቀም፤ የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮም በጃንዋሪ 2025 ሦስተኛ ስም ወጣለት።

የእኛም እናቶች አሉ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሞቃዲሾ ላይ የቀሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሙሉ ቁጥር ለሕዝብ አልተነገረም። ያልተቆጠረ ሟች እናቱ ለየትኛው ሽማግሌ ትናገራለች? ጂቡቲ ላይ የሁሪዋዋ እናት አልተጠየቀችም፤ የእነዚህም እናቶች አልተጠየቁም። በዚህ በዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው።

የአደር እኅት በ2010 ናይሮቢ መጣች። አደር «ማታ ና» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አውቄያለሁ። ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዤ ሄድሁ። ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ምን ይያዛል? ቤቱ ከሱቁ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሴትዮዋ ከወንድማቸው በዕድሜ ብዙም አያንሱም፤ ጥቁር ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ከዚያ ወንድማቸውን ዐይተው በሶማልኛ ጥቂት ተናገሩ። እኔ የገበያ ሶማልኛ እንጂ ሌላ አላውቅም፤ የለየሁት «ሐበሻ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

አደር ተረጎሙልኝ። «ልጄን ማን እንደ ገደለው አልጠይቀውም፤ አያውቅም። ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ በተቀመጠ ጊዜ ለምን አልመጣም? ይህን ግን ያውቃል፤ እርሱን ይንገረኝ ትላለች።»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ልዩነት፣ ስለ ሁለቱም ወገን ሟቾች፣ አያቴም ነበሩበት። ሁሉም ጠፋኝ።

«ፈራሁ» አልሁ።

አደር ወደ እኅታቸው ዞረው ይተረጉሙ ጀመር። እኔ የተናገርሁት አንድ ቃል ነው፤ እርሳቸው ግን ረጅም ነገር ተናገሩ፤ በመካከልም ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሴትዮዋ እያዳመጡ እኔን አላዩም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ጀበናውን ሳቡና ሄል የገባበትን ሻይ ቀድተው ብርጭቆውን በምንጣፉ ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ለራሳቸው አልቀዱም።

«ጠጣ» አሉኝ አደር። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

ጠጣሁ። ምን ብለው እንደ ተረጎሙልኝ እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቅኋቸውም።